ቀለበቱ ከአሸዋው አልወጣም

  የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጠፋ ጌጥ ነው። አሸዋ የዋጠው ቀለበት፣ ጉትቻ፣ ሀብል እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ እናያለን።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ጧት እዚህ መተማ ገንዳ ውሃ ወንዝ ወርጄ ነበር። በጋው ገፍቶ ወንዙ እዚህም እዚያም ኩሬ ሆኗል። አንዲት እናት ብርድ ልብስ ሲያጥቡ የቃል ኪዳን ቀለበታቸው ከጣታቸው ሾልኮ ኖሮ ጭንቅ ላይ ናቸው። ስደርስ ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ባዶውን ጣታቸውን ያያሉ። ሰባት ስምንት ሰው ከብቦ አሸዋውን ይቧጥጣል፤ አንዱ በእጁ፣ አንዱ በእግሩ፣ አንዱ በእንጨት። ከኋላ ደግሞ አንድ ድምፅ ሰማሁ፦ «ለመሆኑ ሲያጥቡ አብሮዎት የነበረው ማን ነው?»

ዓይን ሁሉ ሳፋ ይዛ ወደቆመች አንዲት ልጅ ዞረ። አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው።

እዚያ ላይ እያለን አንድ ጎረምሳ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በትከሻው አድርጎ ቁልቁለቱን ወረደ። ሱዳን ወርቅ ቁፋሮ ላይ ሦስት ዓመት ቆይቶ የተመለሰ ነው። ማዳበሪያውን ሲገልጠው ማሽኑ ወጣ፤ ዘንግ አለው፣ ከዘንጉ ጫፍ ሰሃን የሚያህል ክብ ነገር አለው፣ ከላይ ደግሞ ድምፅ ማውጫና ቁልፎች አሉት። ሱዳኖቹ ጂሃዝ የሚሉት፣ እኛ ዲቴክተር ወይም የወርቅ ማሽን የምንለው ነው። ማሽኑን ሳያበራ በፊት ግን እንዲህ አለ፦ «እባካችሁ ሁላችሁም ውጡ። ስትረግጡት እየቀበራችሁት ነው።»

ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ። አሸዋ ላይ ጌጥ ሲወድቅ የመጀመሪያው ሥራ መቆም ነው። ምክንያቱ የወርቅ ክብደት ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ በንጹሕ ወርቅ ቢሞላ 19 ኪሎ ከ300 ግራም ይመዝናል። ያው ጣሳ በውሃ ቢሞላ አንድ ኪሎ ነው። የአሸዋ ቅንጣት ከእኩል መጠን ውሃ ሁለት ጊዜ ተኩል ገደማ ቢከብድ ነው። ቀለበት ንጹሕ ወርቅ አይደለም፤ 18 ካራት የሚባለው ከመቶው 75 እጅ ወርቅ፣ ቀሪው መዳብና ብር የመሰለ ቅይጥ ነው። ያም ሆኖ ከአሸዋው ስድስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ውሃ የጠገበ አሸዋ ደግሞ ሲረገጥና ሲናወጥ እንደ አጥሚት ይላላል። በላላ ቁጥር ከባዱ ነገር ወደ ታች ይሰምጣል፣ ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል። በገበቴ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች የሚኖሩት በዚሁ ሕግ ነው፤ ገበቴውን እያወዛወዙ አሸዋውን ያፈሱታል፣ ወርቁ ከሥር ይቀራል። እኛም ቀለበት ጠፋ ብለን ስንሯሯጥ የወንዙን ዳር ሙሉ እንደ ገበቴ እያወዛወዝነው ነው።

ቀለበት ለምን ወንዝ ላይ እንደሚጠፋም ልንገራችሁ። የእኛን አገር ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። በሙቀት ጣት ያብጣል፣ ቀለበቱም ጥብቅ ይላል። እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ግን ጣት ይሰበሰባል። በዚያ ላይ ሳሙናው ያንሸራትታል፣ ብርድ ልብሱ ሲጨመቅ ይጎትታል። ጧት ከቤት ስትወጡ አልወልቅ ያለ ቀለበት ወንዝ ዳር ሳይታወቅ ይወልቃል። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ወንዙ ሲጎድል፣ ከቤት ያለው ልብስ ሁሉ ወደ ወንዝ ሲወርድ፣ አዲስ ሙሽሮች ገና ያልለመዱትን ቀለበት እንዳጠለቁ ነው።

እኔም ቤት ይህ ደርሷል። ልጅ ሳለሁ እናቴ ከገዳሪፍ የመጣላት 21 ካራት ቀለበት ነበራት። አንድ ቀን ከወንዝ ስትመለስ ጣቷ ላይ የለም። በዚያን ጊዜ በቤት ሥራ የምትረዳን፣ ከደጋ የመጣች ልጅ ነበረች፤ እሷም አብራ ወርዳ ነበር። እናቴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። የሣጥኑን ቁልፍ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአንገቷ አላወረደችም። ልጅቷ ገብቷታል። ሰሊጡ ሳይታጨድ ልብሷን ይዛ ሄደች። ቀለበቱን ማንም ወንፊት ይዞ ወርዶ አልፈለገውም፤ እናቴ ታጥብበት የነበረው ድንጋይ ሥር ያለውን አሸዋ አንድ ሰው እንኳ አልነካውም። ክረምቱ መጣ፣ ወንዙ ሞላ፣ በዚያው ቀረ። እናቴ እስከ ዛሬ ነገሩ ሲነሳ ዝም ትላለች።

ድሮ በአገራችን ዕቃ ሲጠፋ ሌባ ሻይ ይጠራ እንደነበር አባቶች ያወጋሉ። አንድ ብላቴና የሚያደነዝዝ ነገር ጠጥቶ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ ደጁ ላይ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባላል፣ የጠፋውንም ይከፍላል። ልማዱ ተከልክሎ ቀርቷል። ነገር ግን ወንዝ ዳር «አብሮዎት የነበረው ማን ነው?» ስንል፣ ያንኑ ብላቴና በሌላ መልኩ እየለቀቅነው ነው። ለዚህም ነው ስለ ማሽኑ በደንብ እንድታውቁ የምፈልገው።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ። ገደል አፋፍ ቆማችሁ ስትጣሩ የገደል ማሚቶ ድምፃችሁን እንደሚመልስላችሁ አስቡ። ማሽኑም ይጣራል፤ የሚጣራው ግን በድምፅ ሳይሆን በማግኔት ኃይል ነው። ሰሃኑ ውስጥ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ በሽቦው ውስጥ በፍጥነት እየተቀያየረ ሲያልፍ፣ የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል ወደ መሬት ይሰዳል። ንጹሕ አሸዋ፣ እንጨት፣ ፕላስቲክ ለዚህ ጥሪ አይመልሱም። ብረታ ብረት ግን ይመልሳል፤ ጥሪው ሲደርሰው በውስጡ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪት ይነሳል፣ ሽክርክሪቱም የራሱን የማግኔት ኃይል መልሶ ይልካል። ያንን መልስ ማሽኑ ይሰማና በድምፅ ይነግረናል። መሠረቱ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ነው። የመብራት ማመንጫዎቻችንም የሚሠሩት በእሱ ነው።

ሽክርክሪት ያልኩት ነገር ለጌጥ ፈላጊ ትልቅ ትርጉም አለው። ሙሉ ቀለበት ክቡ ስላልተቋረጠ ሽክርክሪቱ በደንብ ይዞራል፣ መልሱም የጠራ ነው። የተሰበረ ቀለበት ወይም አፉ ክፍት የሆነ የጆሮ ጉትቻ ግን ያው ወርቅ ሆኖ ሳለ መልሱ ይደክማል። ቀጭን ሀብል ደግሞ የባሰ ነው። ለዓይን ረጅምና ከባድ ቢመስልም ማሽኑ የሚያየው እያንዳንዷን ዘለበት ለየብቻ ነው። ስለዚህ ሀብል የጠፋበት ሰው ማሽኑን ብቻ አይመን፣ ወንፊት ይያዝ።

ማሽኑን የሚያሳስተው ምን እንደሆነ አንድ የቆየ ታሪክ ያሳየናል። ስልክን በመፍጠር ስሙ የሚነሳው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል፣ እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጀምስ ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ ጥይቷ ሰውነታቸው ውስጥ የት እንዳለች ለማግኘት እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። መሣሪያው ሲሞከር ሠርቷል። በሽተኛው ላይ ሲያዞረው ግን በየቦታው ይጮሃል። ፕሬዚዳንቱ የተኙበት አልጋ የብረት ሽቦ ፍራሽ ነበረው። ሐኪማቸውም ጥይቷ በቀኝ በኩል ናት ብለው ስላመኑ በሌላው ጎን እንዲፈልግ አልፈቀዱለትም። ጥይቷ አልተገኘችም፣ ፕሬዚዳንቱም ሞቱ። ያ ስህተት ዛሬም በየወንዙ ይደገማል፤ አካፋው አጠገብ ተጥሎ፣ የፈላጊው ጫማ የብረት ቀለበቶች እያሉት፣ ቁልፍና ስልክ በኪሱ ሆኖ «ማሽኑ ይቀባዥራል» ይላል። መጀመሪያ ከራሳችሁ ላይ ያለውን ብረት አውልቁ። ቀጥሎም ቀለበቱ የወደቀው እዚህ ነው ብላችሁ አንድ ቦታ ላይ ችክ አትበሉ።

ማሽኖቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ያለማቋረጥ እየተጣራ ያዳምጣል። ይህኛው ብረትን ከመዳብ፣ መዳብን ከወርቅ በድምፅም በቁጥርም ለመለየት ይሞክራል። ሁለተኛው ለቅጽበት ይጣራና ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ መልሶ ይጣራል፣ ያዳምጣል። የአውስትራሊያው ማይንላብ ኩባንያ ማሽኖች በሱዳን ወርቅ ፈላጊዎች እጅ በብዛት ገብተዋል፣ ከእነዚያ ብዙዎቹ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ናቸው። ጥቅሙ ብረት በበዛበት አፈር ላይ አይታወክም። ጉዳቱ ሚስማሩንና ቀለበቱን እምብዛም አይለይም።

የእኛ አገር አሸዋ ደግሞ ብረት አለው። ሽንፋም ጓንግም የሚመጡት ከደጋው ነው፤ የደጋው ድንጋይ ጥቁር፣ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፣ እየተፈጨ ሲወርድ ጥቁር አሸዋ ይዞ ይመጣል። ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማውጫ ማግኔት አውጡና ደረቅ አሸዋ ውስጥ ክተቱት፤ እንደ ፀጉር ተሰካክቶ ይወጣል። ስለዚህ ማሽኑን ከማንቀሳቀስ በፊት ከአፈሩ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። ሰሃኑን ከመሬት ትንሽ ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ድምፁ እኩል እስኪሆን ድረስ ቁልፉን ማስተካከል ነው። ጎረምሳው ይህንን ብቻ ለማድረግ አምስት ደቂቃ ወሰደ። ሰው «ምን ይጠብቃል?» እያለ ይንሾካሾካል። በሌላው ዓለም የባሕር ዳር ፈላጊዎች ከእኛ የከበደ ጣጣ አለባቸው፤ የባሕር ጨው ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ እርጥቡ አሸዋ ለማሽኑ እንደ ብረት ይመልሳል። የእኛ ወንዝ ውሃ ጨው የለውም። በዚህ በኩል ታድለናል።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። ጎረምሳው ሴትዮዋን ጠራቸውና «እትዬ፣ ሲያጥቡ የት ነበር የተቀመጡት? ፊትዎ ወደ የት ነበር? መጀመሪያ እንደሌለ ያወቁት ምን ሲያደርጉ ነው?» አላቸው። እሳቸውም ድንጋዩን አሳዩት፤ ብርድ ልብሱን ሲጨምቁ በግራ በኩል እንደነበሩ ነገሩት። ከድንጋዩ ዙሪያ አራት ችካል ተከለ፣ በሲባጎ አገናኛቸው። ሦስት እርምጃ በአራት እርምጃ ቢሆን ነው። መሀሉን ደግሞ በሲባጎ እንደ ትልም ከፋፈለው። እርሻ የሚያርስ ሰው ትልም ሳይዘል እንደሚያርስ፣ እሱም ሰሃኑን መሬቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያዞረዋል። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ግማሹን ይደርባል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ማሽኑን እንደ ማጭድ እያወዛወዘ፣ ጫፉን ወደ ላይ እያነሳ ይሮጣል። ሰሃኑ አንድ እጅ በተነሳ ቁጥር ያንኑ ያህል ጥልቀት ይጠፋል። እንደ ማሽኑና እንደ አፈሩ ቢለያይም፣ አንድ ቀለበት ከ15 እስከ 25 ሳንቲሜትር ድረስ ይሰማል። ከዚያ ውስጥ 10 ሳንቲሜትሩን በአየር ላይ ማባከን አይገባም።

የመጀመሪያው ድምፅ ሲሰማ ሕዝቡ እልል ሊል ነበር። ተቆፈረ፣ የቢራ ቆርኪ ነው። ሁለተኛው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ብር የመሰለ ወረቀት። ሦስተኛው የባትሪ ድንጋይ። አንዱ «ለቆርኪ ድምፅ ለምን ትቆፍራለህ? ዝለለው እንጂ» አለ። ጎረምሳው አልዘለለም፣ ልክም ነበር። ትንሽ የወርቅ ቀለበትና የተጣጠፈ የአሉሚኒየም ቁራጭ ለማሽን ድምፃቸው አንድ ነው። ቆሻሻውን ላለመቆፈር ብሎ የዘለለ ሰው ወርቁንም ዘልሎታል። የወጣውን ቆርኪ ሁሉ በላስቲክ ሰበሰበው፤ መልሶ ቢጥለው መልሶ ይጮህበታል፣ ነገ ደግሞ የአንድ ሕፃን እግር ይቆርጣል።

ማሽን የሌለውስ ምን ያድርግ? አብዛኞቻችን የለንም፤ ለአንድ ቀለበት ብሎም ማንም አይገዛም። ችካሉና ሲባጎው ግን ገንዘብ አይጠይቁም። ከትልሙ አንድ ጫፍ ጀምራችሁ፣ አሸዋውን በአካፋ ሳይሆን በሰፌድ ወይም በሣህን ከላይ ከላዩ እየቀረፋችሁ፣ ግንበኞች በሚጠቀሙበት የአሸዋ ወንፊት አሳልፉት። ውሃ ያለበት ከሆነ ወንፊቱን ግማሽ አጥልቃችሁ አወዛውዙት፣ ውሃው ራሱ ይሠራላችኋል። ስታጣሩ ያጣራችሁትን ወደ ኋላ፣ ያላጣራችሁትን ወደ ፊት አድርጉ። አሸዋው አልቆ ጭቃ ወይም አለት ስትደርሱ አትቁሙ፤ ከባድ ነገር የሚያርፈው እዚያው ድንበሩ ላይ፣ በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ውሃው የሚሄድ ከሆነ ከወደቀበት ወደ ታች በኩል የመጀመሪያው ትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ወንዙም የሚታጠፍበት የውስጠኛው ዳር፣ ውሃ ኃይሉን አጥቶ የያዘውን የሚያስቀምጥበት ነው። ይህን ሁሉ ግን ከሰኔ በፊት። ክረምቱ ገብቶ ጎርፉ ከወረደ በኋላ የወንዙ አሸዋ ራሱ ሌላ አሸዋ ነው።

ወንዝ ዳር ሳይሆን ማሳ ላይ የጠፋባችሁም አላችሁ። የእኛ ዋልካ በበጋ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ማንም አይነግራችሁም፤ እጅ እስከ ክርን የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። እዚያ ውስጥ የገባ ቀለበት ዝናብ ሲመጣ አፈሩ አብጦ ይዘጋበታል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ስንጥቁ በሌላ ቦታ ይከፈታል። ዋልካ ላይ ቀለበት ከወደቀባችሁ በዚያው ቀን፣ በባትሪ መብራት ስንጥቆቹን አንድ በአንድ እዩ። ወርቅ አይዝግም፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ቢወጣ ቀለሙ ያው ነው፣ በመብራት ቢጫ ሆኖ ያበራል። ብር ግን ይጠቁራል፣ ጠጠር ይመስላል፣ ስለዚህ የብር አልቦና የብር መስቀል የምትፈልጉ በዓይን ሳይሆን በወንፊትና በጣት ፈልጉ።

አሁን በጣም ከልቤ የምናገረው ጉዳይ አለ፤ በተለይ ማሽን ያላችሁ ወጣቶች ስሙኝ። ይህ መሬት ባዶ መሬት አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የተዋጉት፣ በዚያም ቆስለው ሕይወታቸው ያለፈው እዚሁ መተማ ላይ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከሱዳን በኩል 10ኛው የሕንድ ብርጌድ በዊልያም ስሊም እየተመራ ገላባትንና መተማን የያዘውን የጣሊያን ጦር ወግቷል፤ መድፍ፣ ታንክ፣ አውሮፕላን የተሰለፉበት ውጊያ ነበር። ከዚያ ወዲህም በአካባቢያችን ብዙ ተተኩሷል። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ለማሽኑ ደስ የሚል፣ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። ልብ በሉ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፖላንዳዊው መኮንን ዮዜፍ ኮሳትስኪ በእጅ የሚያዝ እንዲህ ያለ ማሽን የሠራው ፈንጂ ለመፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በግብፅ ኤል አላሜይን ወታደሮች በእሱ መንገድ ጠርገውበታል። ያ ማሽን ፈንጂውን ያገኘዋል እንጂ አያከሽፈውም። ትልቅ ድምፅ ሰምታችሁ ስትቆፍሩ ሞላላ ወይም ክንፍ ያለው የዛገ ብረት ብቅ ካለ እጃችሁን አንሱ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ቦታውን ከሩቅ ምልክት አድርጋችሁ ለፖሊስ ንገሩ።

የጥንቱም ነገር አለ። መተማ በ19ኛው መቶ ዘመን ቡና፣ ሰም፣ ጥጥ የሚሸጥባት ትልቅ የድንበር ገበያ ነበረች፤ መገበያያውም የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። 28 ግራም የሚመዝን፣ በየትኛውም ዓመት ቢታተም 1780 የሚል ቁጥር ያለበት፣ አንጥረኞች አቅልጠው የእናቶቻችንን መስቀልና አልቦ የሠሩበት ብር ነው። ከዚያም ወደ ኋላ እንሂድ። በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት የሚናገረው ስለ እኛው ሽንፋ ወንዝ ነው። ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በኢንዶኔዥያ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ በሽንፋ ዳር ሰዎች ይኖሩ ነበር። በዓይን የማይታይ የእሳተ ገሞራው መስታወት ብናኝ፣ የተጠረቡ ትንንሽ የድንጋይ ጫፎች፣ የሰጎን ዕንቁላል ቅርፊት፣ ብዙ የዓሣ አጥንት ተገኝቷል። በበጋ ወንዙ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር ነው ተመራማሪዎቹ የሚያስረዱት። እናቶቻችን ዛሬ ልብስ በሚያጥቡባቸው ኩሬዎች ዓይነት ማለት ነው። ማሽኑ ድንጋይና አጥንት አይሰማም። ፈላጊው ግን ወርቅ መስሎት በዶማ የሚያፈርሰው ዳር የማን ምድጃ እንደነበር አያውቅም። የወደቀ ቀለበት ከላይ ነው ያለው፤ ለቀለበት ብሎ የወንዝ ገደል የሚንድ ሰው ቀለበት እየፈለገ አይደለም።

ሕጉም ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት መጠበቅ አለበት፤ በአቅራቢያችሁ ያለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያደርሳል። የማዕድን ወርቅ ፍለጋ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። የሰው ጌጥ ያገኘም ባለቤት አልሆነም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕቃውን እንዲጠብቅና ለባለቤቱ እንዲያሳውቅ ያዘዋል። በእኛ ዘንድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ማስነገር የቆየ ልማድ ነው። ስታስነግሩ ግን «ቀለበት ተገኝቷል» ብቻ በሉ፤ በውስጡ የተጻፈውን ስም፣ የፈርጡን ቀለም አትናገሩ። እነሱን የሚነግራችሁ ባለቤቱ ይሁን። ማሽን ይዛችሁ ስትንቀሳቀሱም፣ የድንበር አካባቢ ነውና፣ አስቀድማችሁ ቀበሌውንና ፖሊሱን አሳውቁ። ዋጋችሁን ከፍለጋው በፊት ተነጋገሩ እንጂ ቀለበቱን በእጃችሁ ይዛችሁ አትደራደሩ። ያኛው ጎረምሳ «ከተገኘ የሻይ ይሰጡኛል» ብቻ ነበር ያለው።

ወደ እሱ ልመልሳችሁ። ሦስት ትልም ጨርሶ አራተኛው ላይ፣ ከማጠቢያው ድንጋይ በስተግራ፣ ድንጋዩ ከአሸዋው ጋር በሚገናኝበት ሥር፣ ማሽኑ ድምፅ አወጣ። አጭር፣ ለስላሳ ነው፤ ከቆርኪዎቹ ድምፅ ምንም አይለይም። ሰሃኑን መስቀለኛ አዞረው፣ ድምፁ የሚበረታበትን ነጥብ በጣቱ ጠቆመ። አካፋ አልጠየቀም። ማሽኑን ወደ ኋላ አስቀምጦ ተንበረከከና በሁለት መዳፉ አሸዋውን አንስቶ በሰሃኑ ላይ አሳለፈው። ዝም አለ። ሁለተኛ አነሳ። ዝም። ሦስተኛውን ሲያነሳ ጮኸ። ያንን እፍኝ አሸዋ ለሁለት ከፈለው፣ የሚጮኸውን ደግሞ ለሁለት፣ እስከ መጨረሻው መዳፉ ላይ አንድ ማንኪያ የሚሞላ አሸዋ ቀረ። ውሃ ውስጥ አጠለቀው። አሸዋው በጣቶቹ መሀል ፈሶ ሄደ፤ ቀለበቱ ቀረ።

ፍለጋው አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከወደቀበት የራቀው አንድ ክንድ አይሆንም። ያ ሁሉ ሰው ሲቧጥጥ ግን በአንድ ጧት ውስጥ አንድ ስንዝር ወደ ታች ሰምጧል።

ሴትዮዋ ቀለበቱን ተቀብለው ሳሙት። ጎረምሳውንም ግንባሩን ሳሙት፣ መረቁት። ከዚያ ዘወር ብለው ሰውን ሳይሆን ልጅቷን ፈለጉ። ሳፋዋን እንደያዘች ከዳር ቆማ ነበር፤ ከጧት ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም። «ነይ» አሏት። ሳፋውን አስቀምጣ መጣች። «ብርድ ልብሱ ገና አልታጠበም። እስክጨርስ አንቺ ያዥልኝ» ብለው ቀለበቱን መዳፏ ላይ አኖሩና ጣቶቿን በጣቶቻቸው ዘጉላት።

ጎረምሳው የቆፈራቸውን ጉድጓዶች በእግሩ እየሞላ ችካሎቹን ነቀለ። ልጅቷ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ቀለበቱን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው፣ ከዚያም ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ ብላ የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ ያዘች።